አባባ እንዳያለቅሱ የዞርንበት በጋ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስንመለስ፣ አብሮኝ የተሳፈረው ልጅ መኪናዬ ውስጥ ኪያር መላጥ ጀመረ። መስኮቱ ዝግ ነበር፤ ወንበሩንም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ውሏል። የኪያሩ ሽታ ከጋለው ፕላስቲክ ሽታ ጋር ሲገናኝ የድሮ የማውቀው ሽታ ሆነብኝ።

«ትበላለህ?» አለኝ።

«ቆይ» አልኩት። ምን እንደሚቆይ እኔም አላወቅኩም።

በሐሳቤ የአጎቴ የደጀን ነጭ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ነበር። እናቴ ከፊት ተቀምጣ፣ ጭኗ ላይ ፎጣ ዘርግታ ኪያር ትልጣለች። ልጣጩን በፌስታል ትሰበስባለች፤ የተላጠውን ለሁለት ሰንጥቃ፣ ጨው ነስንሳ፣ ሳትዞር ወደ ኋላ ትዘረጋልናለች። ከጎኔ አባባ ጥቁር መነጽር አድርገው በመስኮት ያያሉ። ያን በጋ ያለፍነውን ዛፍ ሁሉ ያዩ ይመስለኛል።

አባባ የምላቸው የእናቴን አባት ነው። በእግራቸው ሱዳን ወርደው፣ ከዚያ ወደዚህ አገር፣ ወደ እስራኤል፣ ከገቡ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ አገሩን ግን አላዩትም። መጀመሪያ ሥራ አልፈቀደላቸውም፤ ብርቱካን ሲያሽጉ ቆመው ነው የዋሉት። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። እኔ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ሰውን በድምፁ፣ ደረጃውን በእግራቸው ጣት ነበር የሚለዩት። አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዛይን በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሊፍት የሌለው ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ስለነበር ደረጃው ለእሳቸው ቀላል ነገር አልነበረም።

የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በጋው ሲገባ አንዱን ዓይናቸውን ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሽፋኑ በተነሳ ጠዋት ፊታቸውን ወደ ፊቴ አስጠግተው አዩኝ። ከዚያ ጉንጬን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማርያም የሳመችኝ ነው ይላሉ ጎረቤቶቹ፤ እናቴ ግን ጥቁር ነጥብ ነው ትላለች።»

«እናትህ አልነገረችኝም» አሉ። ቅር እንዳላቸው ያስታውቅ ነበር።

ነርሷ ለእናቴ ትእዛዙን ዘርዝራላታለች፤ ዓይናቸውን እንዳያሹ፣ ጎንበስ እንዳይሉ፣ ከባድ ነገር እንዳያነሱ፣ ዓይናቸውን ውሃ እንዳይነካው። እናቴ ይህን ጠዋትና ማታ እንደ ጸሎት ትደግመዋለች። የእኔ ሥራ ጠብታው ነበር። አባባ ሶፋው ላይ ተደግፈው አንገታቸውን ወደ ኋላ ይጥላሉ፤ እኔ የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣቴ ዝቅ አድርጌ፣ የብልቃጡ ጫፍ ምንም ሳይነካ አንዲት ጠብታ እጥላለሁ። ጠብታዋ ስታ ጉንጫቸው ላይ ከወረደች፣ «ይቺ ጎረቤት ሄደች፤ ሌላ ላክ» ይሉኛል።

ከቀዶ ሕክምናው ብዙም ሳይቆይ ከጎንደር ለእናቴ ስልክ ተደወለ። ላቀች ሞታለች።

ላቀች የአባባ ታናሽ እህት ናት። እነሱ በሱዳን ሲወጡ እርጉዝ ስለነበረች ቀረች፤ በኋላም ጎንደር ከተማ ገብታ ወደ እስራኤል የምትመጣበትን ተራ ስትጠብቅ ዕድሜዋን ፈጀች። ዓርብ ዓርብ ይደዋወሉ ነበር። ንግግራቸው ሁልጊዜ የሚያልቀው በአንድ ቃል ነው። «ዘንድሮ ነው» ትላለች፤ «ዘንድሮ ነው» ይሏታል።

በእኛ ዘንድ ሞት ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል፣ ሰውየው ተቀምጦ መርዶው ይነገረዋል። ከዚያ ሐዘንተኛው መሬት ላይ ይወድቃል፣ ደረቱን ይመታል፣ ዓይኑን እያሸ ቀናት ያለቅሳል። ይህ ሁሉ ደግሞ ነርሷ የከለከለችው ነው። እናቴና አጎቴ ደጀን ተመካከሩ። «እንባ ውሃ አይደለም እንዴ?» አለች እናቴ። አጎቴም አይደለም ማለት አልቻለም። ሐኪሟ ዓይኑ ድኗል እስክትል ድረስ እንዳይሰሙ ቆረጡ።

ችግሩ ሮቫ ዛይን ነው። እዚያ ወሬ ከሰው ቀድሞ ደረጃ ይወጣል። አንዲት ጎረቤት ዓይኗ ቀልቶ ብትገባ ሁሉም ነገር አለቀ። ስለዚህ አባባ ቤት እንዳይውሉ ተወሰነ። አጎቴ በሚኒባሱ የትምህርት ቤት ልጆች ያመላልስ ስለነበር በትልቁ የበጋ ዕረፍት መኪናው ያለ ሥራ ይቆማል። እናቴም የመዋዕለ ሕፃናት ረዳት ስለሆነች ዕረፍት ላይ ነበረች።

እኔ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላወቅኩም። የማውቀው እናቴ «ቴውዳህ ጥሩ ከሆነ እናዞርሃለን» ብላ ቃል እንደገባችልኝ ነው። ቴውዳው፣ የትምህርት ቤቱ የውጤት ካርድ፣ ከስፖርት በቀር ሁሉም ጥሩ ውጤት ይዞ መጣ። ስለዚህ አጎቴ በማለዳ ከሮቫ ቴት ቫቭ መጥቶ ከታች ክላክስ ሲያደርግ፣ ለእኔ ክብር መሰለኝ። የመስኮቱን ወንበር ለአባባ ስለቅላቸው እንኳ እንደ ጋባዥ ነበር የሚሰማኝ።

የአባባን ስልክ እናቴ መሳቢያ ውስጥ ከትታ «ተበላሽቷል» አለች። እኔ ላስተካክለው ብዬ እጄን ስሰድ፣ «እንዳትነካ!» ብላ ጮኸችብኝ። ስልኩ የኤሌክትሪክ ንዝረት ያለው መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ በመሳቢያው አጠገብ ሳልፍ ራቅ እያልኩ ነበር።

መጀመሪያ የሄድነው ኢየሩሳሌም ነው። አባባ በየዓመቱ ለስግድ በዓል ይሄዱ ነበር። «ብዙ ጊዜ መጣሁ» አሉ፣ «ያየሁት ግን ከፊቴ የሚሄደውን ሰው ጀርባ ነው።» ኮቴል፣ የምዕራቡ ግንብ ዘንድ ደርሰን ፊቱ ሲቆሙ ወዲያው ይጸልያሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን አንገታቸውን አቅንተው በድንጋዮቹ መሃል የበቀለውን ቁጥቋጦ ያያሉ።

«ማነው ውሃ የሚያጠጣው?»

«ማንም አያጠጣው፣ አባዬ» አለ አጎቴ።

«ማንም ሳያጠጣው እንዲህ?» ጥቂት አሰቡ። «ላቀች ስትመጣ መጀመሪያ እዚህ ነው የማመጣት።»

አጎቴ የመኪናውን ቁልፍ ጣለ። ለማንሳት ጎንበስ እንዳለ ብዙ ቆየ። እኔ ቁልፉን አይቼው ነበር፤ እግሩ ሥር ነው ያለው።

ከዚያ ቁልቁል ወደ ጨው ባሕር ወረድን። ጆሮዬ ተደፈነ፤ እናቴ ምራቅህን ዋጥ አለችኝ። ባሕሩ ዳር ሽታው የተቃጠለ ክብሪት ይመስል ነበር። እናቴ የአባባን ጫማና ካልሲ አወለቀችላቸውና ውሃው ጫፍ ላይ ወንበር ዘረጋንላቸው። ፊት ለፊታችን አንድ ወፍራም ሰውዬ በጀርባው ተንሳፍፎ ጋዜጣ ያነባል።

«ምን ላይ ነው የተኛው?»

«ውሃው ላይ» አልኩ።

«ከውሃው ሥርስ?»

«ውሃ።»

አባባ እግራቸውን ወደ ፊት ሰደው፣ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸውን ሲያነሳው ሳቁ። «ላቀች ውሃ ትፈራለች» አሉ። «ልጅ ሳለች ወንዝ ሊወስዳት ነበር፤ ቀሚሷን አፈፍ አድርጌ ነው የያዝኳት። ዛሬም ድረስ ወንዝ ስትሻገር ዓይኗን ትጨፍናለች። እዚህ ግን መስጠም የለም። እዚህ አስተኛታለሁ፤ ከዚያ እንደዚህ ሰውዬ ጋዜጣ እሰጣታለሁ።»

«ማንበብ ትችላለች?» አልኩ።

«አትችልም። ትያዘው ብቻ።»

እናቴ ፎጣውን ፊቷ ላይ ጫነች። «ጨው ገባብኝ» አለች። ወደ ውሃው እንኳ አልቀረበችም ነበር፤ ጨውን ንፋስም ይወስደዋል ማለት ነው ብዬ ያዝኩ።

ወደ ደቡብም ሄደን የራሞንን ገደል አየን። መንገዱ ረጅም ነው፤ ብዙ ኪያር አለቀ። አባባ አጥሩን ይዘው ወደ ታች ሲያዩ፣ እኔ የሚያዩትን ለማየት በዚያው አቅጣጫ አየሁ። መሬቱ ቀይም፣ ቢጫም፣ ጥቁርም ነው። «ዓይኔ ነው ወይስ እውነት እንዲህ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ። እውነት ነው አልኳቸው።

መኪናው ዘንድ ስንመለስ አንድ ቀንዳም የዱር ፍየል ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ቆሞ ያመነዥካል። አባባ ባሉበት ቆሙ። ያደጉት ስሜን ተራራ ሥር ነው።

«ዋልያ!»

«የዚህ አገር ነው፣ አባዬ» አለ አጎቴ።

«ዝም በል! ዋልያ የማላውቅ መሰለህ? ቀንዱን አታይም?»

«ታዲያ ከስሜን እንዴት መጣ?»

«በሱዳን በኩል ነዋ። በእግሩ። እንደ እኛ።» ወደ እኔ ዞሩ። «እስኪ በዕብራይስጥ አናግረው።»

«ሻሎም!» አልኩት። ፍየሉ ቀና እንኳ አላለም።

አባባ ምላሳቸውን ከላንቃቸው አጣብቀው፣ በአገራቸው ፍየል እንደሚጠራበት አድርገው ጠሩት። ፍየሉ ቀንዱን አዞረና አያቸው።

«አያችሁ! ገና ቋንቋ አልተማረም።»

አጎቴ ደጀን መኪናው ላይ ተደግፎ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። አባባም ስለሳቀላቸው ደስ ብሏቸው፣ «ላቀች ስትመጣ፣ ዋልያ እንኳ ቀደመሽ እላታለሁ» አሉ። የአጎቴ ሳቅ መሃል ላይ ተቋረጠ። ፊቱን አዙሮ ወደ አጥሩ ሄደ፤ ትከሻው ብቻ ይነቀነቅ ነበር። እኔ ሳቁ ያላለቀለት መስሎኝ ጠበቅኩት።

ሮሽ ሃኒክራ በሰሜን፣ ባሕሩ ዳር ያለ ነጭ ገደል ነው። ባሕሩ ቋጥኙን እየበላ ዋሻ ሠርቶበታል፤ ወደ ታች የሚወረደው በሽቦ በተንጠለጠለች ትንሽ ክፍል ነው። እኔ ክፍሏን ሳይ ፈርቼ ከእናቴ ኋላ ቆምኩ። ተራችንን ስንጠብቅ ከኔታንያ ከተማ የመጡ የእኛ አገር አረጋውያን ከአውቶቡስ ወረዱ። ከእነሱ መሃል እትዬ በላይነሽ ነበሩ፤ የአባባ የአገር ቤት ጎረቤት።

እትዬ በላይነሽ አባባን ከሩቅ አይተው ቆሙ። ሰማያዊ ጥለት ያላት ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ አዘቀዘቋት፤ ከታች የነበረው ጥለት አንገታቸው ላይ ወጣ። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ እኛ ገሰገሱ። ንፋሱ አስቸግሯቸው ነው ብዬ አሰብኩ፤ ነጠላ ለሐዘን እንደሚዘቀዘቅ አላውቅም ነበርና። አጎቴ ግን ሮጦ መንገዳቸውን ዘጋ፤ በትከሻቸው አቅፎ ወደ ሽንት ቤቱ ጥግ ወሰዳቸው። ሲመለሱ ነጠላቸው ቀንቶ፣ ጥለቱ ከታች ነው። ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ግን የጥርስ ብቻ ነበር።

«እንዴት ሰነበቱ፣ ጋሼ ታከለ? ዓይንዎ ዳነ አሉ!»

«ደህና ነሽ፣ በላይነሽ?» አሉ አባባ። «ዓይኔ ደህና ነው። ሁሉንም ያያል።»

ወደ ዋሻው ወረድን። ውሃው ከውስጥ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ሰማያዊነቱ ከሰማይ ይበልጣል። አባባ እጄን ይዘውኝ ነበር። ከሌላ ጊዜ ይልቅ ጠበቅ አድርገው ስለያዙኝ፣ የፈራሁት ታውቋቸው ነው አልኩ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ዝምታው ስላስጨነቀኝ፣ «አባባ፣ ላቀች ስትመጣ እዚህ አናመጣትም?» አልኳቸው።

የእናቴ ቢላ ኪያሩ ላይ ቆመ።

አባባ እጃቸውን አናቴ ላይ ጫኑ። «አንተ አይተህላታል» አሉ።

እናቴ መላጧን ቀጠለች። ልጅ ማባበል ነው ብላ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያም ጉዞው አልቆመም። እንዲያውም አባባ ራሳቸው፣ «ነገ ወዴት ነው?» ይሉ ጀመር። ዓርብ ሲደርስ ግን እንደ ወትሮው ስልካቸውን አልጠየቁም። ኪኔሬት ሐይቅ ዳር፣ ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጥናቸው፤ እናቴና አጎቴ ምሳ ሲያወጡ እኔ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ዞር ብዬ ሳያቸው ጠብታ እንደማደርግላቸው ሁሉ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ወደ ላይ ያያሉ። ብዙ ቆየሁ፤ አልቀየሩም። ወጥቼ ሄድኩ።

«ምን ያያሉ፣ አባባ?»

«ወፍ።»

«የታለች?»

«ሄደች» አሉ፤ አንገታቸውን ግን አላወረዱም።

በዕረፍቱ ማብቂያ ሐኪሟ ዘንድ ቀጠሯቸው ደረሰ። እናቴ፣ እኔና አባባ ሄድን። ሐኪሟ በመሣሪያዋ ዓይናቸውን ተመለከተች፤ አገጫቸውን አሳርፈው ሳይነቃነቁ ታገሷት። ከዚያ መብራቱን አብርታ፣ «በጣም ጥሩ ነው። ጨርሰናል» አለች። እናቴ ትንፋሿን ስትለቅ ሰማኋት።

አባባ እጄን ጎተት አደረጉ። «አንድ ነገር ጠይቅልኝ።»

«ምን ልጠይቅልዎ፣ አባዬ?» አለች እናቴ።

«አንቺ አይደለሽም። እሱ ይጠይቅልኝ። በላት፣ ከዛሬ ጀምሮ ማልቀስ ይፈቀድልኛል?»

እንዳሉት አድርጌ በዕብራይስጥ ጠየቅኳት። ሐኪሟ በተራ በተራ አየችን። «ማልቀስ? ማን ከለከለው? እንባ ለዓይን ጥሩ ነው፤ ያጥበዋል።»

ለአባባ ነገርኳቸው።

«ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው ትላለች።»

«ከመጀመሪያውም?»

ጠየቅኳት። «ከመጀመሪያውም።»

አባባ በአፍንጫቸው አጭር ሳቅ ሳቁ። እናቴ ወንበር እያለ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበታቸውን አቀፈች።

«መቼ አወቁ?»

«ባሕሩ ዳር። በላይነሽ ነጠላዋን ስታዘቀዝቅ አየሁ። ከዚያ፣ ዓርብ ዓርብ የማትደውልልኝ ማን ናት ብዬ አሰብኩ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ቀን ዝም አሉ?»

«ምን ላድርግ? ዓይኔ እንዳይጠፋ አገር ለአገር ስታንከራትቱኝ፣ እኔ አልቅሼ ላጥፋው?»

ያኔ ነው የገባኝ። የላቀች ሞት፣ የስልኩ መበላሸት፣ የአጎቴ ሳቅ፣ ወፏ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝና ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ዓይን አፍጥጬ ማየት ያዝኩ። እናቴ ልትናገር አፏን ስትከፍት አባባ በእጃቸው ከለከሏት።

«እዚህ አይደለም። እህቴ ሐኪም ቤት ውስጥ የምትነገር ሰው አይደለችም። ነገ ጠዋት እንደ ወጉ መጥታችሁ ንገሩኝ። እስከዚያ እኔ አላወቅኩም።»

ቤት ስንደርስ፣ «ጉዞው ለቴውዳዬ አልነበረም?» አልኳቸው።

«የአንተም ቴውዳ አለበት» አሉኝ፣ ጫማቸውን ራሳቸው ጎንበስ ብለው እያወለቁ።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ብነሳ አባባ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። የበሩን ቁልፍ ከፍተውታል። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከታች የመኪና በር ተዘጋ፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ቀጥሎ ሌላ። ሰዎቹ ድምፅ ላለማሰማት እየተጠነቀቁ ደረጃውን ሲወጡ፣ የብዙ ጫማ ኮሽታ ከግድግዳው ጋር ይወጣል።

«ብዙ ናቸው» አሉ አባባ ቀስ ብለው። ደስ ያላቸው ይመስል ነበር። ጥቁር መነጽራቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ።

በሩ ክፍት ቢሆንም አንኳኩ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፤ እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፤ ከኋላ አጎቴ ደጀን ገባ። ወጉ ሽማግሌ እንዲናገር ነው፤ አጎቴ ግን «ያዞርኳቸው እኔ ነኝ፣ እኔው ልንገራቸው» ብሎ ለምኗቸው ነበር።

አባባ ምንም እንዳልሰማ ሰው ቀና ብለው፣ «ምነው በጠዋቱ? በደህና ነው?» አሉ።

አጎቴ ፊታቸው ተንበረከከ። አፉን ከፈተ፤ ቃል አልወጣለትም። አባባ ሁለቱን እጆቹን በእጆቻቸው ያዙ።

«በል፣ ልጄ» አሉት። «ከስሟ ጀምር።»